የታተመ ፊርማ

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። አንድ ቤተሰብ ለሦስት ትውልድ እንደ ቅርስ ይዞ ያቆየው ዕቃ፣ ነው ሲባል የኖረውን እንዳልሆነ እናንተ ብታውቁና ባለቤቶቹ ባያውቁ፣ ትናገራላችሁ ወይስ ዝም ትላላችሁ? «እናገራለሁ» ለማለት አትቸኩሉ። «ዝም እላለሁ» ለማለትም እንደዚሁ። እኔ በሁለቱም በኩል ቆሜ አይቼዋለሁ፤ አንዱም አይመችም።

ነገሩ የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ዘመን ያስተማሩ አንዲት እንግሊዛዊት መምህርት ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ዕቃቸውን ይሸክፉ ነበር። እኔም መጻሕፍታቸውን በካርቶን እየደረደርኩ ላግዛቸው ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የሚተርፍ መጽሐፍ ይደርሰኛል ብዬም ነው። እኛ ተማሪዎቹ «ሚስ» ነበር የምንላቸው። ከሳሎናቸው ግድግዳ ላይ መዳፍ የምታህል ክፈፍ ተሰቅላለች። በውስጧ አንዲት ወጣት ሴት አለች፤ ሰፊ ባርኔጣ ደፍታ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው ጎን ያለውን አንድ ነገር የምታይ። ከሥዕሉ ግርጌ በሚፈስ የእጅ ጽሕፈት ስም ሰፍሯል፦ ሊሊ ኤልሲ።

«ያመጣቻት አያቴ ናት» አሉኝና ታሪኩን ነገሩኝ።

አያታቸው በለንደን በሰው ቤት በገረድነት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። በዚያን ጊዜ የ19 ዓመት ኮረዳ ስለነበሩ እዚህ ላይ «እሷ» ብላቸው ነፍሳቸው ይቅር ትበለኝ። ዘመኑ 1907 ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቼ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ገረዲቱ ከደመወዟ ቆጥባ፣ ከቲያትር ቤቱ ጣራ ሥር ካለው ርካሽ ደርብ ላይ ተቀምጣ ያን ጊዜ ለንደን ያበደችለትን ሙዚቃዊ ተውኔት አየች። ሲያልቅም ተዋንያኑ በሚወጡበት የጓሮ በር ዝናብ እየመታት ቆመች። ተዋናይቱ ስትወጣ ፖስት ካርዱን ዘረጋችላት። ተዋናይቱም ጓንቷን አውልቃ ፈረመችላት፤ «በስብሰሻል እኮ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። አለቀ። ታሪኩ ይኸው ነው።

ይህን ታሪክ አያትዬዋ ለልጃቸው፣ ልጃቸው ለሚስ፣ ሚስ ደግሞ ቤታቸው ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲናገሩት ኖረዋል። «ጓንቷን አውልቃ» የምትለዋ ቃል ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳትለወጥ ነው የተላለፈችው። በቤቱ ችግር ሲገባ የጋብቻ ቀለበት ሳይቀር በመያዣ ተሰጥቷል፤ ካርዷን ግን ማንም አልነካትም።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ካርዷ ዘመን ጥቂት ልበል፤ ያለዚያ የነገሩ ክብደት አይገባም። ፖስት ካርድን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው የኦስትሪያና ሀንጋሪ መንግሥት ፖስታ ቤት ነው፤ በ1869። እንግሊዝ በዓመቱ በ1870 ተከተለች። መላኪያው ግማሽ ፔኒ ነበር፤ የደብዳቤ እኩሌታ መሆኑ ነው። የግል አታሚዎች ሥዕል ያለበትን ካርድ አትመው ሰው ቴምብር እየለጠፈ እንዲልከው የተፈቀደው በ1894 ነበር። ያኔ የካርዱ አንድ ፊት ለአድራሻ ብቻ የተተወ ስለሆነ መልእክቱ ከሥዕሉ ጎን ተጣቦ ይጻፍ ነበር። በ1902 ደንቡ ተለወጠ። ጀርባው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለአድራሻ፣ ግማሹ ለመልእክት ሲሆን ሌላው ፊት በሙሉ ለሥዕሉ ተለቀቀ። ከዚያ በፊትም የታዋቂ ሰዎች ፎቶግራፍ ይሸጥ ነበር፤ የተዋናዮችን ፊት እንደ ልብ ወደ ድኻ ቤት ያስገባችው ግን ይህች ትንሽ የፖስታ ቤት ደንብ ናት ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ሊሊ ኤልሲ በ1886 በሊድስ ተወለደች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ መድረክ ላይ ነበረች። ስሟ የገነነው ጁን 8 ቀን 1907 በለንደኑ ዴሊስ ቲያትር «ዘ ሜሪ ዊዶው»፣ ማለትም «ደስተኛዋ መበለት» የተባለው የፍራንዝ ሌሃር ኦፔሬታ በእንግሊዝኛ ሲከፈት ነው። ኦፔሬታው በቪየና የተጀመረው በ1905 መጨረሻ ነበር። ለንደን ላይ 778 ጊዜ ታየ። ሉሲል የተባለችው ልብስ አዘጋጅ ለተዋናይቱ የሠራችላት ሰፊ ባርኔጣ ሳይቀር ፋሽን ሆኖ የከተማው ሴት ሁሉ ደፋው። ፎቶግራፏም በየሱቁ ተቸበቸበ። የሚገርመው፣ ሴትዮዋ ዓይነ አፋር ነበረች ይባላል። በ1911 አግብታ መድረኩን ተወች፤ ኋላ አልፎ አልፎ ብትመለስም እንደዚያ ዘመን አልሆነም። በ1962 አረፈች። ቲያትር ቤቱ ራሱ በ1937 ፈርሷል። የቀሩት ካርዶቹ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር ተዋናይ ለረጅም ዘመን ከጨዋ ሰው አይቆጠርም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ «ሰር» የተባለው ተዋናይ ሄንሪ ኧርቪንግ ሲሆን ዘመኑ 1895 ነው። አብራው ለዓመታት የተጫወተችው ኤለን ቴሪ ለሴት የሚሰጠውን ተመሳሳይ ክብር ያገኘችው በ1925፣ ማለትም ከ30 ዓመት በኋላ ነው! እኛም ብንሆን በመድረካችን የሴቱን ክፍል ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ የነበረበትን ጊዜ፣ በኋላም እነ አስናቀች ወርቁ የደረሰባቸውን ንቀት የምንረሳው አይደለም። እንግዲህ አንዲት ገረድ የተዋናይትን ፎቶ በክፈፍ አስገብታ ከግድግዳዋ ስትሰቅል፣ የተናቀች ሴት ሌላዋን የተናቀች ሴት ማክበሯም ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ክፈፏን ከግድግዳ ሳወርድ መስታወቷ ተሰነጠቀ። ደንግጬ «ፒያሳ ወስጄ በአንድ ቀን አስቀይርልዎታለሁ» አልኩና ካርዷን ይዤ ዶርም ገባሁ። አንድ የጂኦሎጂ ተማሪ ወዳጄ ድንጋይ የሚመረምርበትን አጉሊ መነጽር እንደ ማተብ ከአንገቱ አይለይም። ሥራ ፈትቶ ካርዷን አየት፣ አየት አደረገና «ቀለም የለውም እኮ» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ፊርማው ነዋ! ቀለም የለበትም።»

እኔም ተቀብዬ አየሁ። በእጅ ሲፈረም ቀለሙ ከፎቶግራፉ ልስላሴ በላይ ይቀመጣል፤ ካርዱን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ከወረቀቱ የተለየ ያንጸባርቃል፤ የብዕሩ ጫፍም የሚጭረው ነገር አይጠፋም። እዚህ ግን ምንም የለም። ፊርማው ከፊቷ፣ ከባርኔጣዋ፣ ከአንገት ጌጧ ጋር አንድ ላይ፣ በአንድ ልስላሴ ሥር የተኛ ነው። ነገሩ ግልጽ ነበር። አንዲት ታዋቂ ተዋናይት ለገዢው ሁሉ በእጇ ልትፈርም አትችልም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የፈረመችውን አታሚው ከፎቶግራፉ ጋር አብሮ ያባዛው ነበር። እንዲህ ያለው ካርድ በዚያ ዘመን በየሱቁ ይሸጥ ነበር። ያቺ ካርድ ከነፊርማዋ ከሱቅ የተገዛች ናት። ጓንት ያወለቀ ሰው የለም።

የዚያን ለት ማታ ዶርማችን ፍርድ ቤት ሆኖ አመሸ። የጂኦሎጂው ወዳጄ «ትናገራለህ» ባይ ነው። «ፓይራይት ሲያብረቀርቅ ወርቅ ይመስላል። ባለቤቱ እንዳያዝን ብዬ ወርቅ ነው ብዬ ልመዝግብ? እውነት እውነት ነው፤ የሰው ስሜት አያሻሽለውም።» ከላይኛው አልጋ የሚተኛው የሕግ ተማሪ ደግሞ ተነስቶ ተቀመጠ። «ማን ጠየቀህ? ብትጠየቅና ብትዋሽ አንድ ነገር ነው። ሳትጠየቅ ዝም ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ውሸት የሆነው? ሴትዮዋ አርጅተዋል፤ ከአገር እየለቀቁ ነው፤ ያላቸው ትዝታ ነው። አንተ ማን ሆነህ ነው የምታፈርሰው?»

የፍልስፍና ኮርስ የወሰደ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ካንትን ይጠራል። ካንት በ1797 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ ነፍሰ ገዳይ ደጃፍህ መጥቶ የሸሸግኸው ወዳጅህ የት እንዳለ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት መብትህ አይደለም ብሎ ተከራክሯል። ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን የሕጉ ተማሪ ልክ ነው፤ ካንት የከለከለው መዋሸትን እንጂ ዝም ማለትን አይደለም። ስለዚህ ካንትም አላዳነኝ።

ሌላ መሸሻ ፈለግሁ። «ለመሆኑ ፊርማው በእጅ መሆኑ ምን ይጨምራል?» አልኩ። ይህን ጥያቄ እኛ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ አስቡ። መጽሐፉን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ አገኘሁት ብሎ ግልባጩን በ1853 ለአንቷን ዳባዲ ላከ። በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ «የጻፈው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው» ብሎ ተነሳ። በእኛው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊነቱን ለማስረዳት ብዙ ደከሙ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። በዚህ ክርክር መካከል ሁሌ የሚነሳ አንድ ሦስተኛ ድምፅ አለ፦ «ማንም ይጻፈው፣ ሐሳቡ ልክ ከሆነ ልክ ነው» የሚል። ይህ አባባል ለሐተታው የተወሰነ ያህል ይሠራል። ምክንያቱም ሐሳብ በራሱ እግር ሊቆም ይችላል፤ ጸሐፊው ማንም ይሁን ማን ክርክሩን መመዘን እንችላለን። ፊርማ ግን እንዲህ አይደለም። ፊርማ ክርክር የለውም፤ ትርጉም የለውም፤ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህን ወረቀት ይህ እጅ ነክቶታል» የሚል ምስክርነት። እጁን ስታነሱበት ምንም አይቀረውም። ስለዚህ በዚህ በርም ማምለጥ አልቻልኩም።

ቫልተር ቤንያሚንን ያነበባችሁ ደግሞ ሌላ በር ታሳዩኝ ይሆናል። በ1936 በታተመው ጽሑፉ፣ ሥነ ጥበብ በመሣሪያ መባዛት ሲጀምር ብቸኛ የሆነው ዕቃ የነበረው ግርማ ይጠወልጋል ብሏል። ሆኖም ያው ቤንያሚን፣ ይህ ግርማ በመጨረሻ የተጠጋው በጥንቶቹ ፎቶግራፎች ላይ ባለው የሰው ፊት፣ በራቁና በሞቱ ወዳጆች መታሰቢያ ውስጥ ነው ይላል። እኔ ከዚህ የወሰድኩት እንዲህ ነው። ካርዷ ከፋብሪካ ስትወጣ ከብዙ እኅቶቿ አንዷ ነበረች። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ በአንድ ቤተሰብ ግድግዳ ኖራ፣ ቀለበት ሲሸጥ ሳትሸጥ ቀርታ፣ አገር አቋርጣ አዲስ አበባ ድረስ መጥታ፣ አሁን እሷን የምትመስል ሌላ ካርድ በዓለም የለችም። ብቸኛ ሆና አልተወለደችም፤ በመጠበቅ ብዛት ብቸኛ ሆነች። ደስ አለኝ። «እንግዲህ እውነተኛ ናት፤ ምንም መናገር አያስፈልገኝም» ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ አዲሱን መስታወት አስገጥሜ ክፈፏን መለስኩ። ሚስ መረቁኝ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም የተመቸኝ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሊሰናበቷቸው የመጡ አንድ እንግዳ ሳሎን ተቀምጠው ሳለ ክፈፏን አዩና «ማን ናት?» አሉ። ሚስም ጀመሩ፤ ገረዲቱን፣ ደርቡን፣ ዝናቡን። እኔ መሬት ተቀምጬ ካርቶን በገመድ አስራለሁ። «ጓንቷን አውልቃ…» የምትለው ላይ ሲደርሱ ቀና ብዬ እያቸው ኖሯል፤ ፈገግ ብያለሁ። ምን ዓይነት ፈገግታ እንደሆነ ወዲያው ገባኝና አፈርኩ። ትንሽ ልጅ «አንበሳ አየሁ» ሲል የምንፈግገው ፈገግታ ነው። እኒያን አንቱ የተባሉ፣ ስንቱን ትውልድ ያስተማሩ ሴት እኔ እንደ ሕፃን እያዳመጥኳቸው ነበር! ደግነት መስሎኝ የያዝኩት ዝምታ ለካ ንቀት ኖሯል። እሳቸው የማያውቁትን እኔ አውቃለሁ፤ ቢያውቁት አይችሉትም ብዬ ፈርጄባቸዋለሁ፤ ፍርዱንም ሳያውቁት እየፈጸሙ ናቸው።

እንግዳው ሲሄዱ ነገርኳቸው። ምላሴ እየተሳሰረ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ አጉሊ መነጽሩ፣ ስለ ልስላሴው።

መነጽራቸውን አድርገው ካርዷን ከክፈፉ አውጥተው ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረጓት። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ፊታቸው ተለወጠ፤ ይህን አልደብቃችሁም። በመጨረሻ ያሉት አንድ ነገር ነው፦

«እሺ። ታዲያ ጓንቱን ከየት አመጣችው?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ራሳቸው ቀስ እያሉ ጨመሩ። አያታቸው ቀኑን ሙሉ እጃቸው ከሳሙናና ከውኃ አይወጣም፤ ክረምት ሲሆን ጣቶቻቸው ይሰነጠቁ ነበር። እንዲህ ያለ እጅ ያላት ልጅ ከሁሉ አስቀድማ የምታየው የሌላዋን ጓንት ነው። ምናልባት እውነት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ምናልባት ተዋናይቱ ለሌላ ሰው ስትፈርም አይታ ይሆናል። ምናልባት ሠረገላው አልፏት ሄዶ፣ ወደ ቤት ስትመለስ ካርዱን ከሱቅ ገዝታ ይሆናል። አይታወቅም። «ለማንኛውም የገዛችው በገንዘቧ ነው» አሉ ሚስ፤ «ይህን ደግሞ አንድም ቀን ተናግረንላት አናውቅም።»

እኔ ከዚህ የተማርኩትን ልናገር። እስከዚያ ቀን ድረስ ካርዷ የሊሊ ኤልሲ መታሰቢያ ነበረች። አያትዬዋ በታሪኩ ውስጥ በዝናብ ከመቆም ሌላ ሥራ አልነበራቸውም፤ ተሰጣቸው፣ ተቀበሉ። ፊርማው የታተመ መሆኑ ሲታወቅ ተዋናይቱ ከክፈፉ ወጣች፤ ከነገረዲነቷ፣ ከነምኞቷ፣ ከነውሸቷም የገባችው ያቺ የ19 ዓመት ልጅ ናት። ለምን ዋሸች? አንድ ትልቅ ሰው አይቶኛል፣ በስብሰሻል ብሎኛል፣ ለእኔ ብሎ እጁን አራቁቷል ለማለት ነው። ይህን የሚመኝ ሰው ምን ያህል ሳይታይ የኖረ ሰው ነው! ይህ ሁሉ ከዚያ ልስላሴ ሥር ተኝቶ መቶ ዓመት አለፈው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ይህን ከሆነ፣ የጠራው ሌላ ነገር እንደነበረ ልብ በሉ፤ እኔ ሐሰት አጋልጣለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የተገለጠው ግን ሰው ነው።

ነገር ግን ራሴን በዚህ ነጻ አላወጣም። ሚስ ካርዷን በዚያው በለስላሳው ጨርቅ፣ በዚያው ጥንቃቄ ጠቅልለው ከሚይዙት ቦርሳ ውስጥ አስገቧት። እስኪሄዱ ድረስ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። ብዙ እንግዳ መጣ፤ ስለ ብዙ ነገር ተወራ። ታሪኩን ግን ደግመው ሲናገሩት አልሰማሁም። አንድ ቤተሰብ ሦስት ትውልድ ሲያወራው የኖረው ታሪክ በእኔ ንግግር አፉን ዘጋ። አዲሱ ታሪክ ከአሮጌው የበለጠ እውነት፣ ምናልባትም የበለጠ የሚያምር ሊሆን ይችላል፤ ለእንግዳ ሻይ ሲቀዳ ግን የሚወራ አይደለም። ይህ ጉዳት ነው። ያደረስኩትም እኔ ነኝ።

እንግዲህ አቋሜ ይህ ነው። ቅርስ ዋጋ የሚያገኘው ከነካው እጅ ብቻ አይደለም፤ ከጠበቀው እጅም ነው። ስለዚህ የታተመ ፊርማ ቅርስን ከንቱ አያደርግም። ነገር ግን «ከንቱ አይሆንም» ማለት «እውነቱ አያስፈልግም» ማለት አይደለም። እውነቱን የመስማት መብት የባለቤቱ ነው፤ ይችሉታል አይችሉትም ብሎ የመወሰን ሥልጣን ለእኔ የሰጠኝ የለም። የሚናገር ሰው ደግሞ ተናግሮ መሄድ የለበትም። እውነቱ የሚያፈርሰውን ሲያፈርስ አጠገብ ቁጭ ብሎ ማየት፣ ከፍርስራሹም የሚነሳ ነገር ካለ አብሮ ማንሳት አለበት። የጂኦሎጂው ወዳጄ የሳተው ይህንን ነው። የሕጉ ተማሪ የሳተው ደግሞ ደግነት ያለ አክብሮት ምን እንደሚሆን ነው።

ይህን የምታነብቡት ገጽ ራሱ በስቴንስል ተባዝቶ የመጣ ነው። ከእጄ የወጣው አንድ ብቻ ነበር። ሆኖም በእጃችሁ ያለው ቅጂ የእኔ አይደለም የምትሉ አይመስለኝም። የሕጉ ተማሪ ግን እስከ ዛሬ «ጥፋተኛ ነህ» እያለኝ ነው። ከእሱ ጋር የምትስማሙ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉብኝ፤ አነብባለሁ።